ለፋሲካ የታረደው አውራ

የሐበሻ ዶሮ መርጦ ማራባት አራት ኪሎ ባለ ጠባብ ግቢም ይቻላል፤ እኔ የያዝኩት 8 ሴትና 1 አውራ ነው። አሠራሩ ይህን ያህል አይከብድም። ጫጩቶቹ እግር ላይ የተለያየ ቀለም ክር አስራለሁ (ሲያድጉ ካልላላ ሥጋ ውስጥ ይገባል)፣ 16 ሳምንት ሲሞላቸው አንድ በአንድ ፌስታል ውስጥ ከትቼ በሻንጣ ሚዛን እመዝናለሁ፣ እጽፋለሁ። የደብረ ዘይት ተመራማሪዎችም ሆሮ የሚባለውን የሐበሻ ዶሮ ያሻሻሉት የ16 ሳምንት ክብደቱንና የእንቁላሉን ብዛት እየመዘገቡ ነው።

የተበላሸብኝ ከሚዛኑ በኋላ ነው። አንደኛ የወጣው ቀይ አውራ ከወንድሞቹ በ300 ግራም ይበልጥ ነበር። ፋሲካ ደረሰ፣ ሥጋ ያለው እሱ ነው፣ ታረደ። ለዘር የቀረው ለድስት ያልበቃው ቀጫጫ። ይህም ምርጫ ነው፣ ወደ ኋላ የሚሄድ ምርጫ! በዓል በመጣ ቁጥር በየግቢያችን የምናደርገው ይህንኑ ነው። ጉዳቱን በሒሳብ ላስቀምጠው፦ ከሚቀጥለው ትውልድ ውርስ ግማሹ የአውራው ነው፤ የእያንዳንዷ ሴት ድርሻ አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ። አንዷን ሴት ስትመርጡ ብትሳሳቱ ይካሳል፣ አውራው ላይ ግን አይካስም።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሴት ዶሮ የአውራውን ዘር ሆዷ ውስጥ ታቆያለች፤ አውራው ከሄደ በኋላ እንኳ 10 ቀን ያህል የምትጥለው እንቁላል ይፈለፈላል። ከታረደ በኋላ 12 እንቁላል ሰብስቤ አንዷን ባስታቅፍ ኖሮ ልጆቹን አገኝ ነበር። ወጡ ውስጥ የገቡት እንቁላሎች ራሳቸው የእሱ ነበሩ፤ የቀሩትን በማግስቱ ጠብሰን በላናቸው። በዚያው ምክንያት አውራ ስትቀይሩ 3 ሳምንት ሳይሞላ የተጣለ እንቁላል አታስታቅፉ፤ የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅም።

አንድ ባለሙያ «የፈረንጅ አውራ አስገባበት» ብሎኝ ነበር። እንቁላል ይጨምራል፣ እውነት ነው። ግን የፈረንጅ እንቁላል ጣይ ዶሮ መታቀፍ እንድትተው ተደርጋ የተመረጠች ናት፤ ከዚያ ዘር የሚወጡ ቄቦችም ብዙዎቹ አይታቀፉም። ያኔ መፈልፈያ ማሽን ሊገዛ ነው፤ 21 ቀን ሙሉ 37.5 ዲግሪ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር! ይልቅ በዓመት አንዴ ዶሮው ከእናንተ ጋር ካልተዛመደ ሰው ጋር አውራ ተለዋወጡ፤ ወንድምና እህት ሲዳቀሉ ቶሎ የሚቀንሰው የሚፈለፈለው ቁጥር ነው።

ዘንድሮ የበዓሉን ከሾላ ገበያ ገዛሁ። ግቢዬ ውስጥ አውራ እየጮኸ ሌላ ዶሮ አንጠልጥዬ ስገባ ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ።