ጋሼ እና የማላዊው ባላባት

ሲክሊድ የሚባሉት የማላዊ ሐይቅ ዓሦች ከ24 እስከ 27 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይወዳሉ። እኛ ደሴዎች ደግሞ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድብን ጋቢ ደርበን የምንተኛ ሰዎች ነን። መብራት በጠፋ ማታ እናቴ ጋቢዬን ከላዬ ገፍፋ ለአኳሪየሙ አልብሳዋለች።

ውስጥ ያለው ጠብ ግን ከብርዱ ይብሳል። ኦራቱስ የተባለው ወንድ ሲመጣ ቢጫ ነበር። ሌሎቹን አሸንፎ የበላይ ሲሆን እንደ ዝርያው ወግ ጠቆረና ዋሻ ያለውን ድንጋይ ሁሉ ጠቅልሎ ያዘ። ቤተሰቡ "ባላባቱ" አለው።

በዚህ መሀል አጎቴ ከሐይቅ ከተማ ሊጠይቁን መጡ። ጋሼ ዕድሜያቸውን በድንበር ክርክር ሽምግልና የጨረሱ ሰው ናቸው። ቆሮሶም የእነዚህ ዘመድ ነው ብላቸው፣ "ይህቺ ተጠብሳ ለማን ልትደርስ?" አሉኝ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ምንጣፉ ርሷል። ጋሼ እጅጌያቸውን እስከ ብብታቸው ሰብስበው ክንዳቸውን ውሃው ውስጥ ነክረዋል።

"ምን እየሠሩ ነው ጋሼ?"

"ርስት እያካፈልኩ! ጥቁሩ ዋሻውን ሁሉ ይዞ፣ ቢጫዎቹ ማጣሪያው ሥር ተኮልኩለው! ደግሞ ነክሶኛል።" ጣታቸውን አሳዩኝ። አልደማም፤ የተነካው ክብራቸው ነው።

የሚያናድደው፣ ልክ ናቸው። ድንጋዮቹ ቦታ ሲቀያየሩ ሁሉም ወሰኑ ይጠፋበትና ጠቡ ይበርዳል፤ ሲክሊድ የሚያረቡ ሰዎችም አውቀው ያደርጉታል። ባላባቱ ዋሻውን ፍለጋ ሲንከራተት አመሸ።

አንዲት ሴት ዓሣ ብቻ አፏን ገጥማ ምግብ እምቢ አለች። እናቴ "ሁዳዴ ይዛ ነው" ስትል፣ ቡና ልትጠጣ የመጣችው ጎረቤታችን "ኧረ ረመዳን ነው" አለች። እንቁላሏን አፏ ውስጥ ታቅፋ ሦስት ሳምንት ያህል እንደምትቆይ ባስረዳ ማን ይስማኝ! ክርክሩ ከአቦል እስከ በረካ ዘለቀ።

በሳምንቱ ጋሼ ደወሉ።

"እህ፣ ፍርዴ ጸና?"

ዘወር ብዬ አየሁ። ባላባቱ ጋሼ ለወሰን የደረደሩትን ጠጠር በአፉ እየዛቀ ቢጫዎቹ ደጃፍ ላይ ይተፋል።

"ይግባኝ ብሏል ጋሼ።"

"እንዲያ ነው? ቅዳሜ እመጣለሁ። እስከዚያ ዋስ ይጥራ በለው!"