የውቅያኖስ ሙቀትና የቱና ጉዞ

ቱና ሞቃት ውሃን ተከትሎ ይጓዛል የሚለው አባባል ስሕተት ባይሆንም፣ ዓሣው የሚኖረው በባሕሩ ገጽ ላይ ብቻ ስላልሆነ የገጹን ሙቀት የሚያሳይ የሳተላይት ካርታ ብቻውን የት እንደሚገኝ አይነግረንም።

በምዕራብ ፓስፊክ፣ በምድር ወገብ ግራና ቀኝ፣ ሙቀቱ ከ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ እጅግ ሰፊ የውሃ ክፍል አለ። ከቱና ዝርያዎች ሁሉ በብዛት የሚጠመደው ስኪፕጃክ በዚህ አካባቢ ይበዛል፤ ይሁን እንጂ ሞቃቱ ውሃ ራሱ በምግብ ድኻ ስለሆነ፣ ዓሣው የሚሰበሰበው ይበልጡን ከምሥራቅ ከሚመጣው ቀዝቃዛና ምግብ ካዘለ ውሃ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነው። በየጥቂት ዓመቱ የሚመጣው ኤል ኒኞ የተባለው የአየርና የባሕር ለውጥ ሲከሰት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሱት ነፋሳት ስለሚዳከሙ ሞቃቱ ውሃ ወደ ምሥራቅ ይስፋፋል፤ ጠርዙም በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ስኪፕጃክም አብሮት ይሄዳል። ከመንግሥት ገቢዋ አብዛኛውን ለውጭ መርከቦች ከምትሸጠው የማጥመድ ፈቃድ የምታገኘው የፓስፊክ ደሴቶች አገር ኪሪባቲ በእንዲህ ያለው ዓመት ትጠቀማለች፤ የኤል ኒኞ ተቃራኒ በሆነው በላ ኒና ጊዜ ግን ዓሣው ወደ ምዕራብ ይመለሳል።

ወደ ታች ሲወረድ ነገሩ ይለያል። ከገጹ በታች ሙቀቱ በድንገት የሚወርድበት ንብርብር ያለ ሲሆን፣ በምሥራቅ ፓስፊክ ይህ ንብርብር ወደ ገጹ ይቀርባል፤ ከሥሩ ያለው ውሃም ኦክስጅን ያነሰው ነው። ቱና ለመተንፈስ ሳያቋርጥ መዋኘት ያለበትና ብዙ ኦክስጅን የሚፈጅ ዓሣ በመሆኑ፣ ስኪፕጃክና የሎውፊን የተባለው ሌላ የቱና ዝርያ በቀጭኑ የላይኛው ውሃ ውስጥ ይታጨቃሉ፤ ለመረብም ቀላል ሲሳይ ይሆናሉ። ቢግአይ የተባለው የቱና ዝርያ ግን ቀን ቀን ከ300 ሜትር በታች ጠልቆ ያድናል፣ በየመሐሉም ሰውነቱን ለማሞቅ ወደ ላይ ይወጣል።

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ብሉፊን የተባለው የቱና ዝርያ ነው። ከጡንቻው የሚወጣው ሞቃት ደም ከስንጥቡ በሚመጣው ቀዝቃዛ ደም አጠገብ ሲያልፍ ሙቀቱን ስለሚያስረክብ፣ ዓሣው ከከበበው ውሃ በብዙ ዲግሪ የሞቀ ሰውነት ይኖረዋል። በነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ግሪንላንድ ባሕር ማከሬል የተባለውን ዓሣ ሊያጠምድ በተጣለ መረብ ውስጥ ብሉፊኖች ተይዘዋል። ውሃው በዚያ ወቅት ከወትሮው ሞቅ ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምግባቸው የሆነው ማከሬል ቀድሟቸው ወደዚያ ባይስፋፋ ኖሮ እስከዚያ ድረስ የሚስባቸው ነገር ባልነበረ እላለሁ። ደግሞም ወደ ሰሜን የሚዘልቁት ለመብላት እንጂ ለመራባት አይደለም፤ የአትላንቲክ ብሉፊን ዕንቁላሉን የሚጥለው በዋነኝነት እንደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤና ሜዲትራኒያን ባሉ ሞቃት ውሃዎች ነው።