ሦስት ቶን አሸዋ ላይ፦ ኤሌክትሪክ ፒካፕ ይዤ ኬፕ ሃተራስ ዳርቻ እንዴት እንደነዳሁ

ኤሌክትሪክ ፒካፕ ይዞ የባሕር ዳር አሸዋ ውስጥ መግባት አይሞከርም ያሉኝ ብዙ ናቸው። የሚፈሩት ክብደቱን ነው። እውነትም ከባድ ነው። የእኔ ፎርድ ኤፍ-150 ላይትኒንግ ትልቁን ባትሪ የያዘ ስለሆነ ወደ 3 ቶን ይጠጋል። ባትሪው ብቻ ወደ 800 ኪሎ ይመዝናል። ያም ሆኖ ኬፕ ሃተራስ ዳርቻ በሰላም ገብቼ በሰላም ወጥቻለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሰመር ሲመጣ የዚህ አካባቢ ሐበሻ ልጆቹን ጭኖ ወደ ባሕር ይወርዳል። እኛ የምንሄደው ሰሜን ካሮላይና፣ አውተር ባንክስ ነው። ውቅያኖስ ዳር የተዘረጋ ቀጭንና ረጅም የደሴቶች ሰንሰለት ነው፤ ኬፕ ሃተራስም ያለው እዚያ ነው። ራይት ወንድማማቾች ለበረራ ሙከራቸው ይሄንን አካባቢ የመረጡት ነፋሱ ስለሚነፍስላቸውና አሸዋው ለማረፍ ለስላሳ ስለሆነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 የተሳካላቸውም እዚሁ ነው። ለእነሱ የተመቸው ልስላሴ ነው እንግዲህ መኪና የሚውጠው።

ኬፕ ሃተራስ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ዳርቻው ላይ ለመንዳት ከፓርኩ ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል። የ10 ቀኑ 50 ዶላር፣ የዓመቱ 120 ዶላር ነው። አካፋ፣ ክሪክ፣ ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ጣውላና ዝቅተኛ ግፊት የሚያነብ የጎማ መለኪያ መያዝ ግዴታ ነው። ጣውላውን አትናቁት። ክሪክ ብቻውን አሸዋ ላይ ራሱ ይሰምጣል እንጂ መኪና አያነሳም። እኔ ጎማ የሚሞላ ኮምፕረሰርና መጎተቻ ገመድም እይዛለሁ።

ቻርጁን መንገድ ላይ ያለችው ቼሳፒክ ከተማ ሞልቼ ነው ወደ ደሴቶቹ የተሻገርኩት። አሸዋ ላይ በእያንዳንዱ ማይል ባትሪው የሚበላው አስፋልት ላይ ከለመድኩት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነበር። ስለዚህ ግማሽ ላይ ሲደርስ ከአሸዋው እንደምወጣ አስቀድሜ ወስኜ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ የጎማ ንፋስ። እዚያ ዳርቻ ለዓመታት ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ አንድ የሰፈራችን ትልቅ ሰው አሉ። ከመሄዳችን በፊት ደውዬ «ጋሼ፣ አሸዋው ይሄን ሁሉ ክብደት ይችላል ይላሉ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ አንተ መጀመሪያ ንፋሱን አውጣ። ስለ ክብደቱ ኋላ እናወራለን» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎማ መሬቱን የሚጫነው በግምት ውስጡ ባለው የንፋስ ግፊት ልክ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ጎማው ይተኛል፤ ክብደቱም ሰፊ ቦታ ላይ ይከፋፈላል። ብዙ ሰው ጎማው ወደ ጎን የሚሰፋ ይመስለዋል። ዋናው ጥቅም ግን ከፊት ወደ ኋላ መርዘሙ ነው፤ እንደ ታንክ ሰንሰለት አሸዋውን እየረገጠ ይሄዳል። ፓርኩ ለአብዛኛው መኪና 20 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ይመክራል፤ አሸዋው ሲላላ ከዚያም ዝቅ ይደረጋል። እኔ መግቢያው ላይ ቆሜ አራቱንም ጎማ ወደ 20 አወረድኩ። ኬፕ ፖይንት የሚባለው የዳርቻው ሹል ጫፍ አካባቢ አሸዋው ሲላላብኝ ደግሞ 18 አደረስኩት። ዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል፤ ይብራ።

ከዚያ በታች ለመውረድ ግን በዚህ ክብደት እጠነቀቃለሁ። ግፊቱ እኩል ሆኖ እንኳ የከባድ መኪና ጎማ ከቀላሉ ይበልጥ ይተኛል። መሪው በድንገት ከተጠመዘዘ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ስለዚህ መዞር ሲያስፈልገኝ ሰፋ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ ነው።

አሸዋው ውስጥ ከመግባቴ በፊት ኦፍ-ሮድ የሚለውን ሞድ መረጥኩ፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የኋላውን ዲፈረንሻልም ቆለፍኩ። በአንድ ፔዳል የሚያስነዳውንም አጠፋሁ። እዚህ ላይ ጠበቅ ልበል። ኤሌክትሪክ መኪና እግርህን ከፔዳል ስታነሳ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል። አስፋልት ላይ ደስ ይላል። አሸዋ ላይ ግን ጎማው በድንገት ሲያዝ ከፊቱ አሸዋ ይከምራል። መኪናው የገዛ ክምሩ ፊት ይቆማል፤ ለመነሳት ያንን መውጣት አለበት። እኔ ለመቆም ስፈልግ ፍሬንም አልነካም። ወደ ባሕሩ ትንሽ ያዘቀዘቀ ቦታ መርጬ በራሱ እንዲቆም እተወዋለሁ። ስነሳ ቁልቁለቱ ያግዘኛል።

አነሳሱም የራሱ ጥበብ አለው። ኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ከዜሮ ጀምሮ ነው። ፔዳሉን ረገጥ ካደረግከው ጎማው በቅጽበት ጉድጓድ ይቆፍራል። በሌላ በኩል ግን የትኛውም የነዳጅ መኪና የማይሰጥህን ነገር ይሰጥሃል፤ ጉልበቱን በጥቂት በጥቂቱ ማፍሰስ ትችላለህ። ማርሽ ሲቀየር የሚጠፋ ፍጥነትም የለም። ቀስ አድርገህ ስትጫነው መኪናው ሳይፍጨረጨር ይነሳል። እኔ ይሄን ስሜት በጣም ወድጄዋለሁ። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 15 ማይል ነው፤ ከዚያ በታች በእኩል ፍጥነት፣ ሌሎች በጠቀጠቁት ዱካ ላይ መሄድ ይበቃል።

የምፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ሆዱ። ከመሬት ከፍታው 21 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው፤ ከሥር ያለው ደግሞ ሰፊና ዝርግ የባትሪ ሣጥን። እሱ አሸዋ ላይ ከተቀመጠ ጎማዎቹ ክብደት አያገኙም፤ ቢሽከረከሩም አይጎትቱም። ስለዚህ ጎማ ዞሮ መኪና ካልሄደ ወዲያው እግር ማንሳት ነው። ሁለተኛ መሞከር የለም። ወርዶ ከጎማዎቹ ፊት መጥረግ፣ ንፋስ መቀነስ፣ በመጣህበት ዱካ ወደ ኋላ መውጣት።

ይህንን በሌላ ሰው መኪና ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ወጣት ቤተሰቡን ይዞ በኪራይ መኪና ገብቶ ተቀርቅሯል። ከእኔ መኪና በብዙ የሚቀል ነው። የኋላ ጎማዎቹ እስከ ቸርኬው ተቀብረዋል። ገመድ እንዳወጣለት ጠየቀኝ። ተንበርክኬ መለኪያውን ቫልቩ ላይ ስጭን 35 አነበበ። ገመዱን ተውነውና የቫልቭ ክዳኖቹን ፈታን። አራቱም ጎማ እየተነፈሰ ወደ 18 ሲወርድ ጎኑ አበጥ አለ። ከጎማዎቹ ፊትና ከሆዱ ሥር አሸዋውን ጠረግን። «ቀስ ብለህ፣ ወደ ኋላ» አልኩት። ያለ ገመድ ወጣ። ሚስቱ የደስታ እንባ አነባች።

ዝምታውንም አስቡበት። ባሕሩ ይጮኻል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ደግሞ ዝቅተኛ ነው። አሸዋ ላይ የተኛ ሰው፣ ጀርባውን ሰጥቶ የሚጫወት ሕፃን ላይሰማችሁ ይችላል። እኔ ሰው ባለበት መስኮት ከፍቼ በእግር ፍጥነት ነው የማልፈው። በሰመር ሌሊት መንዳትም ክልክል ነው፤ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል የሚወጡት ያኔ ነው። በአጥር የተከለሉ የወፍ ጎጆዎችም አሉ። እነዚህን ደንቦች ከልቤ እደግፋለሁ።

ማዕበሉ ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አልገባም። ፍሎሪዳን እ.ኤ.አ. በ2022 ኢየን የተባለው አውሎ ነፋስ ከመታት በኋላ ጨው ውሃ የዋጣቸው አንዳንድ ኤሌክትሪክ መኪኖች በእሳት ተያይዘዋል። የሞገዱን ሰዓት አይቼ፣ ውሃው ሲሸሽ ገብቼ፣ ሳይመለስ እወጣለሁ።

አገር ቤት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለታገደ ኤሌክትሪክ የሚነዳ ሰው በዝቷል፤ ከዚያም የሚጠይቁኝ አሉ። ሞተሩ ሁለት ጎማ ብቻ የሚያዞር ዝቅ ያለ መኪና ይዛችሁ እንዲህ ያለ አሸዋ ውስጥ ግቡ አልልም። ግን ላላ ያለ አሸዋማ መንገድ ድንገት ካጋጠማችሁ ንፋስ ቀንሱ፣ ቀስ ብላችሁ ተነሱ፤ ካለፋችሁ በኋላ ቅርብ ያለ ጎሚስታ ጋ ሞልታችሁ ቀጥሉ።

ከአሸዋው ስወጣ አስፋልት ላይ ፍጥነት ሳልጨምር አራቱንም ሞላሁ። በተኛ ጎማ በፍጥነት መንዳት ጎማውን አግሎ ይጨርሰዋል፤ በ3 ቶን ሥር ደግሞ ቶሎ ነው። በዚያው ቀን ላቫጆ ገብቼ ከሥሩ በንጹህ ውሃ አሳጠብኩት፤ የፍሬን አካባቢ፣ የቸርኬው ውስጠኛ ክፍል፣ የባትሪው ሣጥን ጠርዝ። አጣቢው ልጅ የጨረሰ መስሎት ሲነሳ፣ ከኋላው መከላከያ ውስጥ ገና እርጥብ አሸዋ ይንጠባጠብ ነበር። እንደገና አስገባነው።