ሪጋ፣ የጥር ብርድ እና አንድ የመግለጫ ረቂቅ

ሪጋ የደረስኩት ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይዋ እየጠለቀች ነበር። ከፍራንክፈርት የተነሳው አውሮፕላን ደመናውን አልፎ ሲወርድ መጀመሪያ ያየሁት ጥቁር ደን ነው፤ ቀጥሎ በረዶ የለበሰ ሜዳ፣ ከዚያ ሰፊው የዳውጋቫ ወንዝ። በጥር ወር እዚህ የሚነጋው ጠዋት 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ብርዱ ጆሮዬን ቆነጠጠኝ።

የሄድኩት ለአምስት ቀን ስልጠና ነው። ርዕሱ ረዘም ይላል፦ «ስትራቴጂካዊ ኮሙኒኬሽን ለዘመናዊ የደኅንነት ሥጋቶች»። ከብዙ አገር ነው የተሰባሰብነው። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎች አለን፣ የፖሊስና የእሳት አደጋ ቃል አቀባዮች አሉ፣ የጤና ባለሙያዎችና ሁለት የጦር መኮንኖችም አሉ። እኔ ለዓመታት የመንግሥት መግለጫ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ። የምጽፈው ነገር ሰው ጋ ይደርሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ ያሳስበኝ ነበር።

ሪጋ ለዚህ ትምህርት ጥሩ ቦታ ናት። የኔቶ የስትራቴጂካዊ ኮሙኒኬሽን የልህቀት ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ እዚሁ ከተማ ነው ያለው። ማዕከሉ የኔቶ የዕዝ ሰንሰለት አካል አይደለም። አባል አገሮች ገንዘብና ባለሙያ አዋጥተው የሚያንቀሳቅሱት የጥናትና የስልጠና ተቋም ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አሰልጣኛችን የማዕከሉን አንድ ጥናት አነሱልን። እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎቹ 300 ዩሮ ብቻ አውጥተው ከማኅበራዊ ሚዲያ ነጋዴዎች ሐሰተኛ ተሳትፎ ገዙ። በዚያ ገንዘብ 3,530 አስተያየት፣ 25,750 ላይክ፣ 20,000 እይታ እና 5,100 ተከታይ አገኙ። ከአራት ሳምንት በኋላ ሲያዩት ከአምስቱ አራቱ እጅ አልጠፋም። እዚያው ነበር።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከጎኔ የተቀመጠው መኮንን ቁጥሩን ማስታወሻው ላይ ጽፎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ «ሕዝቡ ተቆጥቷል» ብለን በላይክ ብዛት ተደናግጠን መግለጫ እንዳወጣን አሰብኩ። የተቆጣው ሕዝብ ይሁን 300 ዩሮ ማን አጣርቶ ያውቃል?

ስለ ስትራቴጂካዊ ኮሙኒኬሽን ትርጉም ብዙ አልቆየንም። አሰልጣኛችን በአንድ ምሳሌ ጨረሱት። «አደባባይ ላይ ታንክ አቁማችሁ ሕዝቡን ተረጋጋ ብትሉት፣ የሚያምነው ታንኩን ነው» አሉ። መንግሥት የሚናገረውና የሚሠራው ካልገጠሙ የሚናገረው ከንቱ ነው ማለታቸው ነው። ስትራቴጂካዊ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ቃል አቀባዩ ውሳኔ ካለቀ በኋላ ለማስዋብ የሚጠራ ሳይሆን ውሳኔው ሲወሰን ወንበር ያለው ሰው መሆን አለበት። ስንቶቻችን ነን ወንበር ያለን ብለው ሲጠይቁ ከ24 ሰው አራት እጅ ብቻ ወጣ። የእኔ እጅ አልወጣም።

በሁለተኛው ቀን እውነተኛ ታሪኮችን ስናነሳ ዋልን። ሁለቱ እስካሁን አእምሮዬ ውስጥ አሉ።

አንደኛው የማድሪድ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2004 ጠዋት ሠራተኛና ተማሪ የጫኑ ባቡሮች ላይ ቦምብ ፈነዳ። ከ190 በላይ ሰው ሞተ። ምርጫ ሊካሄድ ሦስት ቀን ቀርቶታል። መንግሥት ወዲያው ጣቱን ኢታ በሚባለው የባስክ ታጣቂ ቡድን ላይ ቀሰረ። በዚያው ቀን ፖሊስ ፈንጂ ማቀጣጠያና የአረብኛ ካሴት ያለበት መኪና አገኘ። ማስረጃው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲያመለክትም መንግሥት የመጀመሪያ ቃሉን ቶሎ መልቀቅ አልፈለገም። ሕዝቡ በሞባይል አጭር መልእክት ተጠራርቶ አደባባይ ወጣ። እሑድ ዕለት ገዢው ፓርቲ ተሸነፈ። እኔን የከነከነኝ ምርጫው አይደለም። አገር ሙሉ ሐዘን ላይ በተቀመጠበት ሰዓት ሰው እውነቱን ከመንግሥቱ መስማት ነበረበት።

ሁለተኛው የሙኒክ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 2016 አንድ ወጣት የገበያ ማዕከል አካባቢ ተኩስ ከፍቶ ዘጠኝ ሰው ገደለ። ያን ምሽት ከተማው በወሬ ታመሰ። እዚህም ተተኮሰ፣ እዚያም ተተኮሰ ተባለ። ሰው ከምግብ ቤት፣ ከአደባባይ ሮጦ ወጣ። ፖሊስ ራሱ መጀመሪያ ላይ ታጣቂዎቹ እስከ ሦስት ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ነበር። ኋላ ላይ ገዳዩ አንድ ብቻ መሆኑ ታወቀ። በዚያ ትርምስ መሃል የፖሊሱ ቃል አቀባይ ማርኩስ ዳ ግሎሪያ ማርቲንስ ደጋግመው ካሜራ ፊት ቆሙ። ያወቁትን ተናገሩ። ላላወቁት «አላውቅም» አሉ። ለመገመት እምቢ አሉ። መሥሪያ ቤታቸው በትዊተር በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በቱርክኛ ይጽፍ ነበር፤ ምክንያቱም ከተማው ውስጥ ያለው ሰው ጀርመንኛ ብቻ አይደለም የሚናገረው። ቪዲዮውን ስናይ የሰውየው ድምፅ ገረመኝ። አልጮኸም፣ አልተጣደፈም።

የዩክሬንንም አነሳን። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 መጀመሪያ ላይ የዩክሬን ባለሥልጣናት «ፕሬዚዳንቱ እጅ ስጡ ሲሉ የሚያሳይ ሐሰተኛ ቪዲዮ ሊመጣ ይችላል» ብለው ሕዝቡን አስቀድመው አስጠነቀቁ። ቪዲዮው እውነትም በማርች 16 መጣ። ሰው ግን እየጠበቀው ስለነበር ብዙ አላታለለም። ይህን ዘዴ እንደ ክትባት ነው የሚያዩት። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያነሳው ዊልያም ማክጓየር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ነው። ሰው ውሸቱን ከነዘዴው ቀድሞ ትንሽ ካየው፣ ዋናው ሲመጣ አይበረግግም።

ሦስተኛው ቀን የልምምድ ቀን ነበር። ስለዚህ ቀን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

በአምስት ቡድን ተከፈልን። የፈጠራ አገር፣ የፈጠራ ከተማ ተሰጠን። ከወንዙ ማዶ ያለ የኬሚካል መጋዘን ፈንድቷል። ጢስ ወደ መኖሪያ ሰፈር እየሄደ ነው። ስልክ ይጮኻል፣ ስክሪኑ ላይ በየደቂቃው አዲስ ፖስት ይወርዳል። «ውኃው ተመርዟል» ይላል አንዱ። «የጎረቤት አገር ሚሳይል ነው» ይላል ሌላው። የእኛ ቡድን የመንግሥት ቃል አቀባይ ቢሮ ነው። እኔ ጸሐፊው ሆንኩ።

ብዕር ይዤ ተቀመጥኩ። እጄ የለመደውን ጻፈ። በእንግሊዝኛ ነበር የጻፍኩት፤ በአማርኛ ብታነቡት ታውቁታላችሁ፦ «ክቡር ሚኒስትሩ በደረሰው አደጋ የተሰማቸውን ጥልቅ ሐዘን እየገለጹ፣ የሚመለከታቸው አካላት አስፈላጊውን ርብርብ እያደረጉ በመሆኑ ኅብረተሰቡ ሳይደናገጥ በትዕግሥት እንዲጠባበቅ ያሳስባሉ።» ከዚያ ክርክር ጀመርን። «ፍንዳታ» ይባል ወይስ «ክስተት»? «ጥልቅ ሐዘን» ይቅደም ወይስ «ርብርብ»? አንዱ ይሰርዛል፣ አንዱ ይመልሳል። ወረቀቱ በሦስት ቀለም ተሞላ። መግለጫው ሲወጣ 42 ደቂቃ ሆኖታል።

አሰልጣኛችን ረቂቁን ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «ወንዙ ዳር የምትኖር፣ ሕፃን የታቀፈች እናት ይህን አነበበች። መስኮት ትዝጋ ወይስ ልጇን ይዛ ትውጣ?»

ማንም አልመለሰም። እኔ ረቂቁን አየሁት። ስለ መስኮት አንድ ቃል የለም። ስለ ሚኒስትሩ ስሜት አለ። ያን ጊዜ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ከበደኝ። ስንት እውነተኛ መግለጫ በዚህ እጄ ጽፌያለሁ?

ከዚያ ከሌላ ቡድን አንዲት የእሳት አደጋ ቃል አቀባይ የእነሱን አነበበች። እሳት በነደደ ቁጥር ማይክ ፊት የምትቆም ሴት ናት። የእነሱ በ11 ደቂቃ ነው የወጣው፦ «ጠዋት 4 ሰዓት ከ10 ላይ ከወንዙ ማዶ ባለው መጋዘን ፍንዳታ ደርሷል። የሚቃጠለው ምን እንደሆነ ገና አላወቅንም። እስክናውቅ በርና መስኮት ዝጉ። ከቤት አትውጡ። 5 ሰዓት ላይ ተመልሰን እንመጣለን። አዲስ ነገር ባይኖርም እንመጣለን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለምን እንዳስገባችው በሻይ ሰዓት ጠየቅኳት። ሰው መልስ ስላጣ ብቻ አይደለም የሚደናገጠው አለችኝ። መልሱ መቼ እንደሚመጣ ካላወቀ ነው ወሬ ፍለጋ የሚሄደው። ሰዓቱን ከነገርከውና በሰዓቱ ከተገኘህ ይጠብቅሃል። ይህን የተማረችው ከመጽሐፍ እንዳልሆነ ፊቷ ይናገራል።

ከሰዓት በኋላ አንዱ መኮንን ጥሩ ክርክር አስነሳ። «ሁሉም ነገር አይነገርም» አለ። «የጦር እንቅስቃሴ አለ፣ ምርመራ አለ፣ የታገተ ሰው ሕይወት አለ።» ልክ ነው። ረጅም ሰዓት ተነጋገርንበት። እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ መደበቅና መዋሸት አንድ አይደሉም። «ይህን አሁን መናገር አልችልም፤ ምክንያቱም በምርመራ ላይ ነው» ማለት ይቻላል። ሰው ያንን ይቀበላል። የማይቀበለው ዛሬ «ምንም የለም» ብለኸው ነገ ነገሩን በዓይኑ ሲያየው ነው። «ለደኅንነት ሲባል» የሚለው ሐረግ ደግሞ ስንፍናንና ፍርሃትን ለመሸፈን ከዋለ፣ የእውነት ለደኅንነት ሲያስፈልግ የሚሰማው አይኖርም። በዚህ ላይ መለሳለስ አልፈልግም።

የቀሩት ሁለት ቀናት በካሜራ ፊት ልምምድ አለፉ። ጠቃሚ ነበሩ፤ ብዙ የምለው ግን የለኝም።

ስልጠናው ዓርብ አለቀ። በረራዬ እሑድ ስለነበር ቅዳሜን በእግሬ ስዞር ዋልኩ። ቀኑ ጃንዋሪ 20 ነው፤ ለላትቪያ ሰዎች ከባድ ቀን።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1991 ላትቪያ ከሶቪየት ኅብረት ለመላቀቅ እየታገለች ነበር። በ13ኛው ቀን በጎረቤቷ ሊትዌኒያ፣ ቪልኒየስ ውስጥ፣ የሶቪየት ጦር የቴሌቪዥን ማማውን ሲይዝ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ሪጋ ላይ ገና ሳይነጋ በሬዲዮ ጥሪ ተላለፈ። ሰው ከየገጠሩ በትራክተር፣ ግንድና ኮንክሪት በጫነ መኪና መጣ። ምን ለመጠበቅ? ፓርላማውን፣ የቴሌቪዥን ማማውን፣ የስልክ ማዕከሉን፣ ዶም አደባባይ ላይ ያለውን የሬዲዮ ሕንፃ። በዚያ ብርድ ሌሊቱን እሳት እያነደዱ አደሩ። የዶም ካቴድራል የሕክምና መስጫ ሆነ። በጃንዋሪ 20 የሶቪየት ልዩ ኃይል የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሲያጠቃ ከሞቱት መካከል ካሜራ ይዞ የነበረው አንድሪስ ስላፒንሽ ይገኝበታል። የሥራ ባልደረባው ግቪዶ ዝቫይግዝኔም ቆስሎ ኋላ ሞተ። ባስቴይካልንስ በሚባለው መናፈሻ ውስጥ ሰዎቹ የወደቁበት ቦታ ላይ ድንጋይ ቆሟል። ድንጋዮቹ ትልልቅ አይደሉም። በረዶው ላይ ሻማና አበባ ነበረ።

ሲመሽ ወደ ዶም አደባባይ ሄድኩ። በየዓመቱ በዚህ ቀን እንደዚያን ጊዜው እሳት ይነዳል። ሰው ከቦት ቆሟል። አብራኝ የነበረችው የላትቪያ ባልደረባ ከአንድ ሽማግሌ ጋር አስተዋወቀችኝ። ሽማግሌው ያኔ እንጨት የሚጭን መኪና ሹፌር ነበሩ። እሷ እያስተረጎመችልኝ አወሩኝ። መኪናቸውን እዚያች ጥግ ላይ፣ የሬዲዮ ሕንፃው አጠገብ፣ መንገድ ዘግተው አቆሟት። ጋቢናው ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ ነበረቻቸው። በየሰዓቱ ዜና ሲጀምር መስኮቱን ዝቅ ያደርጋሉ። ውጭ የቆሙት ሰዎች ተጠግተው ይሰማሉ።

«ሬዲዮውን ለመጠበቅ ለምን መጡ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሌላም ሕንፃ ነበረ።»

ትንሽ አሰቡ። «ሲመጡብን የሚነግረን እሱ ነው» አሉ። «እሱ ዝም ካለ ማንን እናምናለን?»

ቀጥለው ሥራዬን ጠየቁኝ። የመንግሥት መግለጫ እንደምጽፍ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን እሳቱ ላይ ዘርግተው አንዴ አዩኝና «ሰው ያነበዋል?» አሉኝ።

«ሁልጊዜ አይደለም» አልኳቸው።

ከጎናቸው ካለው ክምር አንድ ግንድ አንስተው አቀበሉኝ። ጠጋ ብዬ እሳቱ ላይ ጣልኩት። ሌሊት ሆቴሌ ገብቼ ሦስት ቀለም ያለበትን ረቂቅ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ገልብጬ ጀርባው ላይ እንደገና መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቃል «መስኮት» ነበር።