ብስኩቱ አንድ ብቻ ነው፦ ከሆላንድ እስከ ቱሉ ዲምቱ የብስክሌተኛ ቁርስ

ከሆላንድ ተመልሼ አዲስ አበባ ዳርቻ ቱሉ ዲምቱ ከገባሁ ወዲህ፣ ከቤቴ እስከ ቃሊቲ መሥሪያ ቤቴ በብስክሌት እንደምመላለስ ያዩ ጎረቤቶቼ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ያቀርቡልኛል። አንደኛው «ፈረንጅ አገር ያን ያህል ዓመት ኖረህ መኪና እንኳ ሳትገዛ መጣህ?» የሚል ነው። እስከ 2024 ድረስ የዚያ አገር ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርክ ሩተ በብስክሌት ቢሮ ይገቡ እንደነበር ብነግራቸውም የሚያምነኝ ስላላገኘሁ፣ ለዚህኛው መልስ መስጠት ከተውሁ ቆይቻለሁ። ሁለተኛው ግን ቁም ነገር አለው፤ የሚያነሡትም ለመሄድ ወረቀት የጀመሩ ወጣቶች ናቸው። ሰው ሁሉ በብስክሌት ሥራ የሚገባ ከሆነ ቁርሱን መቼ ይበላል? ምንስ ይበላል? መሥሪያ ቤቱ ያበላል ወይ? ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር እሸማቀቃለሁ፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

እኔ ባደግሁበት የመንግሥት ሠራተኛ ሠፈር ቁርስ ከሥራ መግቢያ ሰዓት በኋላ የሚመጣ ነገር ነበር። ሠራተኛው ጧት ይፈርማል፣ ኮቱን ወንበሩ ላይ ይሰቅላል፣ ከዚያም ኮቱ በሥራ ገበታው ላይ እያለ ባለቤቱ ፉል ቤት ይገኛል። ባለጉዳይ ቢመጣ «አሁን እዚህ ነበሩ፣ ኮታቸውም ይኸው» ይባልለታል። ታክሲ ሰልፍ ላይ በባዶ ሆድ መቆም ማንንም አይጎዳም፤ መቆም ብዙ ጉልበት አይጠይቅምና። እኔም ሆላንድ የገባሁት ይህንኑ ልማድ ይዤ ነው፤ ሻንጣዬን ሲፈትሹ ይህን ልማድ ፈትሾ ያስጣለኝ አልነበረም።

ሥራ ያገኘሁት ከዘ ሄግ ከተማ አጠገብ፣ ዌስትላንድ በሚባለው አካባቢ፣ ቲማቲም በሚመረትበት የመስታወት ቤት ውስጥ ነበር። ሥራው በእኛ አቆጣጠር ጧት አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ በክረምታቸው ያን ጊዜ ገና ድቅድቅ ጨለማ ነው። አውቶቡሱ በዚያ ሰዓት ስለማይመች ብስክሌት ግድ ይሆናል። አገሩ ሜዳ ነው ሲባል የሰማ ሰው መንገዱ የሚያደክም አይመስለውም፤ እኔም አልመሰለኝም ነበር። ነገር ግን ከሰሜን ባሕር የሚነሣው ነፋስ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ከሚያወጣው ዳገት ይብሳል፤ ዳገት ጫፍ አለው፣ ነፋሱ ግን እስከ መሥሪያ ቤቱ በር ድረስ ፊት ለፊት ይገፋል።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ። ቁርሱን «እንደ ሰው» ሥራ ገብቼ እበላለሁ ብዬ ነው። ስደርስ ግን ሁሉም ልብሱን ቀይሮ በቀጥታ ወደ ተክሉ ገባ፤ ስለ ምግብ የተናገረ አልነበረም። የቲማቲም ቅጠል እየቆረጥሁ ጋሪውን ስገፋ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል «ቡና!» ተባለና ሁላችንም ወደ ማረፊያው ክፍል ሄድን። «እንግዲህ መጣ» አልሁ በልቤ። የመጣው ግን በወረቀት ኩባያ ቡናና አንድ ክብ ቆርቆሮ ብስኩት ነው። አለቃችን የሆነችው ሴትዮ ቆርቆሮውን ይዛ ዞረች፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ አንሥቶ አመሰገነ። እኔ ሁለት አነሣሁ። ሁለቱንም ዋጥሁና፣ ተመልሳ በአጠገቤ ስታልፍ እጄን እንደገና ዘረጋሁ። እርስዋም ፈገግ እንዳለች ክዳኑን ጠቅ አድርጋ ገጠመችው። አልተቆጣችም፣ ምንም አልተናገረችም። የሥራ ባልደረቦቼ ዓይናቸውን ኩባያቸው ላይ ተከሉ፤ የእኔ እጅ አየር ላይ ቀረ።

አንድ ጉርሻ ያጣላል በሚባልበት፣ እንግዳ በቃኝ ሲል «በሞቴ» እየተባለ በሚለመንበት አገር ያደገ ሰው ያን የክዳን ድምፅ እንዴት እንደሚሰማው እናንተ ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ በዚያ አገር ብዙ ነገር ገጥሞኛል፤ ወረቀቴ ዘግይቷል፣ ክፍል ያከራየኝ ሰው አታልሎኛል፣ በስሜ አጠራር ተስቆብኛል። ይህን ሁሉ ረስቼዋለሁ፤ ያ ቆርቆሮ ግን አልተረሳኝም። በእነርሱ ዘንድ ከቡና ጋር የሚቀርበው ብስኩት አንድ መሆኑ የታወቀ ሥርዓት እንደሆነ፣ ሴትዮዋም ስስታም እንዳልነበረች ከጊዜ በኋላ ተረድቻለሁ። መረዳቴ ንዴቱን አላበረደውም። ብስኩቱ የእኔ አውራ ጣት የሚያህል ነበር እኮ!

ሐበሻ ባልሆነ ዓይን ከተፈረደ ግን ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም፤ ሁሉም ቤታቸው በልተው ነው የሚመጡት። የሚበሉትን ሳይ ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት መጣብኝ። ሽበት የወረረው፣ የልጅ ልጅ ያየ ጎልማሳ ዳቦ ላይ ቅቤ ይቀባና እንደ ስኳር የደቀቀ ቸኮላት ይነሰንስበታል፤ ስሙም ሃኽልስላኽ ይባላል። እኛ አገር ይህን ለሕፃን ቢሰጡት እንኳ «ጥርሱን ልትጨርሱት ነው» የሚል አክስት አይጠፋም። አንዳንዱ ቁራሽ ዳቦ በአይብ ቆሞ ይበላል፤ አንዳንዱ ካርነመልክ የሚሉትን፣ ከእኛ አሬራ ጋር የሚመሳሰል መጠጥ ይጨልጣል። ቅመም የለ፣ እሳት የነካው ነገር የለ፣ ጠረጴዛ ከቦ መቀመጥ የለ። ነገር ግን ይህን በልቶ የወጣው ሽማግሌ በነፋሱ ውስጥ እያፏጨ ጥሎኝ ያልፋል። ወደ 18 ሚሊዮን ሕዝብ ወደ 23 ሚሊዮን ብስክሌት ያለው አገር፣ ከብስክሌቱ በፊት ምን እንደሚበላ ሳያውቅ አይቀርም ብዬ ነገሩን በጥሞና መከታተል ጀመርሁ።

ምስጢሩ ቀላል ነው። ሰው ተኝቶ ሲያድር አእምሮው ሥራ አያቆምም፤ በሌሊት የሚጠቀመውም ጉበት ያከማቸውን ስኳር ነው፤ ስለዚህ ጧት ሲነሣ ያ ክምችት አብዛኛው አልቋል። ጡንቻ ያስቀመጠው ስንቅ ግን ለራሱ ለጡንቻው ብቻ ስለሚያገለግል ሌሊቱን ብዙም አይነካም። ከዚህ የተነሣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዝግ ብሎ የሚነዳ ጤነኛ ሰው ባዶ ሆዱን ቢወጣም ላይቸገር ይችላል። ጉዞው ከዚያ ከረዘመ፣ ነፋስ ወይም ዳገት ካለበት፣ ወይም ደግሞ ከወረደ በኋላ ቆሞ የሚሠራ ከሆነ፣ እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ ሊያልበው፣ ዓይኑም ሊጨልምበት ይችላል። የሚያስፈልገው ቶሎ የሚፈጭ ነገር ነው፤ ዳቦ፣ ማር፣ ሙዝ፣ ቂንጬ፣ እነዚህን የመሰለ። ቅባት የበዛበት ምግብ ኃይል የለውም ማለት አይደለም፤ ጨጓራ ውስጥ ረጅም ሰዓት ይቆያል እንጂ። ብስክሌት ላይ ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ፣ በተለይም በርበሬ ካለበት፣ ቃር ሆኖ ወደ ጉሮሮ ይመለሳል። ከበድ ያለ ቁርስ መብላት የፈለገ ከመውጣቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይብላ፤ ግማሽ ሰዓት ብቻ የቀረው ቀለል ያለ ነገር ቀምሶ ይውጣ። የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ነገሩን ከሐኪሙ ጋር ይጨርስ እንጂ የእኔን ቃል አይከተል።

ሃኽልስላኹን ሞክሬዋለሁ፤ ጉልበት ይሰጣል፣ ኩራት ግን ይነካል። ያዳነኝ እናቴ በሽሮውና በድርቆሹ መሐል ጠቅልላ የላከችልኝ በሶ ነው። «አበበ በሶ በላ» እያልን ፊደል የቆጠርን ሰዎች መልሱን አንደኛ ክፍል ተምረነው ኖሮ፣ እኔ ግን ባዕድ አገር ሄጄ በቸኮላት እንከራተታለሁ። ገብሱ አስቀድሞ የተቆላ ስለሆነ ምድጃ አይፈልግም፤ በጨለማ፣ የቤት ተጋሪዎችን ሳይቀሰቅሱ፣ በሁለት ደቂቃ ይዘጋጃል። አዘገጃጀቱን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ለጠርሙስ የሚሆነው ግን ትንሽ ይለያል። ውሃው ይቅደም። በሶው ቀድሞ ከገባ ውሃው ሲጨመርበት ታች ይጓጉልና፣ መንገድ ላይ ጠርሙሱን ሲያነሡ መጀመሪያ ባዶ ውሃ፣ ቀጥሎም አፍ የሚዘጋ ጓል ይወርዳል። ግማሽ ጠርሙስ ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ቆንጠር የተደረገ ጨው፣ አንድ ማንኪያ ማር፤ ክዳኑን አጥብቆ መናጥ፣ አረፋው እስኪበርድ መጠበቅ፣ ከዚያም ውሃውን መሙላት። ቢሆንም መዝቀጡ አይቀርም፤ ስለዚህ በየመብራቱ ሲቆሙ ነቅነቅ ማድረግ ነው። ሆላንዶቹ ቀለሙን አይተው ፊታቸውን ቢያጨማድዱም፣ እኔም ቸኮላት የተነሰነሰበትን ዳቧቸውን አይቼ እንደዚያው ስላደረግሁ ሒሳባችን ተዘጋግቷል።

አሁን ወደ ቱሉ ዲምቱ ልመለስ። እዚህ የባሕር ነፋስ የለም፤ በምትኩ ከፍታው አለ። ባሕር ጠረፍ ኖሮ የመጣ ሰው ከ2,000 ሜትር በላይ ሲወጣ አየሩ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ስለሚሳሳበት፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሿ አቀበት እንኳ ታስለከልከዋለች። ከባድ መኪናው የሚተፋው ጭስና የመንገዱ ዳር አቧራ ሳይቆጠር ነው። በመሐል ከተማው የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመር ሲሠራ አይቼ ደስ ብሎኛል፤ ወደ እኛ ወደ ዳርቻው እስኪደርስ ድረስ ግን ከሲኖትራክ ጋር መተዛዘል ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ጨጓራን የሞላ ጨጨብሳ ይዞ መውጣት አይመከርም። ይህን ለእናቴ ማስረዳት ግን ነፋሱን ከማሸነፍ ይከብዳል። ከእኔ ቀድማ ተነሥታ፣ ቂጣውን ጋግራ፣ በቅቤና በበርበሬ አሽታ፣ ማሩን ከላይ አፍስሳ ትጠብቀኛለች። «ሠርተህ የምትመጣ ሰው ባዶ ሆድህን?» ትላለች። ባዶ ሆዴን እንዳልሆነ፣ ዳቦ በማርና ሙዝ እንደበላሁ ስነግራት «እርሱ ለሕፃን ነው» የሚል መልስ አገኛለሁ። አሁን በሽምግልና ተስማምተናል፤ ጨጨብሳው የእሑድ ሆኗል፣ በሥራ ቀን ደግሞ ቂንጬ፣ ቅቤው በማንኪያ ጫፍ ብቻ።

ቂንጬ ለማይደርስለት የዳርቻው መንገድ ራሱ ቁርስ ቤት ነው። ገና ሳይነጋ ሴቶች ትኩስ ቦምቦሊኖና ፓስቲ በፕላስቲክ ባልዲ ይዘው፣ ሻዩን በፔርሙስ ሞልተው ይቀመጣሉ፤ ለግንባታ የሚወጣው የቀን ሠራተኛ ከበብ ብሎ ይበላል። ፓስቲው በዘይት ስለተጠበሰ ለመንገዱ አልመርጠውም፤ ከእነርሱው ዘንድ ዳቦና ጣፋጭ ሻይ ወስዶ መሄድ ግን ሆላንዶቹ ከሚበሉት በምንም አያንስም። አሸዋ ሲዝቅ የሚውለው ያ ሠራተኛ ከሥራ በፊት መብላት እንዳለበት ያስተማረው አልነበረም፤ ይህን ሳያውቅ ያደገው የእኔ ዓይነቱ ኮት ሰቃይ ነው። በሱሉልታና በሰንዳፋ የሚሮጡት አትሌቶቻችንም ልምምዳቸውን ሲጨርሱ በሶ በጥብጠው እንደሚጠጡ ሁሉም ያውቃል፤ እኛ ግን ሱፐርማርኬት ገብተን ከውጭ የመጣ የታሸገ አጃ ስናማርጥ እንታያለን።

ስለ ጾም የሚጠይቁኝም አሉ። ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ብስክሌተኛ ቁርሱ የማታው ራት ነው፤ እንጀራውን በሽሮና በምስር ጠገብ ብሎ፣ ውሃም ጠጥቶ ይደር፣ ጧትም ቀስ ብሎ ይንዳ። በመስታወት ቤቱ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሙስሊም ወንድማችን ረመዳን በበጋ ሲውልበት ሱሑሩን በሌሊት በተምርና በአጃ ይበላ ነበር፤ ያን ወር ግን ፍጥነቱን ይቀንስ እንጂ ከሌላ ሰው ጋር አይሽቀዳደምም። ጾሙ የእግዚአብሔር ነው፤ መሪውን የያዘው ግን የራስ እጅ ነውና ዓይኑ የሚጨልምበት ሰው ወርዶ ይግፋ።

ለመሄድ የተሰናዳችሁ እንግዲህ ይህን ስሙኝ። ብስክሌት መንዳት እዚሁ ተማሩ፤ በተለይ እኅቶቻችን፣ ሠፈር ውስጥ «ሴት ልጅ ብስክሌት?» የሚለውን ወሬ ወደ ጎን ብላችሁ፣ እሑድ ጧት መንገዱ ጭር ሲል ተለማመዱ። እዚያ በጎ ፈቃደኞች መጤዎችን የሚያስተምሩባቸው ቦታዎች አሉ፤ ይሁንና በበረዶ ቀን ከመውደቅ በራስ ሜዳ መውደቅ ይሻላል። መሥሪያ ቤት ቁርስ ያበላል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ምሳ እንኳ ከቤት የተቋጠረ ቀዝቃዛ ዳቦ ነው። ቡና ሲቀርብ አንድ ብስኩት አንሡ፣ አመስግኑ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ሻንጣ ስታዘጋጁ ደግሞ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች መንገደኛ ከእኛ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ እንደማይፈቀድ አትርሱ፤ ቋንጣውም፣ ንጥር ቅቤውም፣ በቅቤ የታሸው ጭኮም ኤርፖርት ላይ ይወረሳል። በሶውን በደንብ ከተቆላ ገብስ አስፈጩት፣ እርጥበት በማያስገባ ዕቃ አሽጉት። ቋንጣውን ግን ለእናታችሁ ተዉላት፤ ለፈታሹ ከሚሆን እርስዋ ትብላው።