የንብ ውዝዋዜ፦ የጥምቀት በዓል መልእክት

ውድ ወዳጆቼና ተከታታዮቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ! የቀሃ ወንዝ ውኃ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ገብቶ ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ በሚወርዱበት በዚህ ሰሞን መልእክቴን ስለ ንብ ማድረጌ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ለጎንደር ሰው ግን ንብ ባዕድ አይደለችም፤ በ1880 ዓ.ም. በወርኃ ጥር ድርቡሾች ከተማችንን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የታደገው የንብ መንጋ እንደ ነበር አባቶቻችን ሲተርኩ ሰምተን አድገናል።

እኔን ከመናደፏ ይልቅ የሚደንቀኝ መናገሯ ነው። አበባ ያገኘች ሠራተኛ ንብ ወደ ቀፎዋ ተመልሳ፣ በጨለማው ውስጥ ቁልቁል በተንጠለጠለው የማር እንጀራ ላይ ሆዷን እያወዛወዘች ቀጥ ብላ ትሮጣለች። ሩጫዋ ሽቅብ ከሆነ አበባው ያለው በፀሐይ አቅጣጫ ነው፤ ከሽቅቡ 40 ዲግሪ ወደ ቀኝ ካዘነበለች ደግሞ አበባው ከፀሐይ 40 ዲግሪ በስተቀኝ ይገኛል፤ ውዝዋዜው በረዘመ ቁጥር መንገዱም ይርቃል። ይበልጥ የሚደንቀው፣ ውዝዋዜዋን ለረጅም ጊዜ ስትደጋግምና ፀሐይ በሰማይ ላይ ስትገፋ፣ ንቧ ውጭውን ሳታይ ማዕዘኑን ታስተካክላለች። ይህን ምስጢር የፈታው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል፤ ንቧ ግን ሁሉን የምትሠራው አንድ ሚሊዮን በማይሞሉ የነርቭ ሴሎች ነው።

እኔ በዚህ ውስጥ የፈጣሪን ጥበብ አያለሁ። ተናጋሪዋና ሰሚዎቿ አንድ ሕግ ካልተጋሩ ውዝዋዜው ከንቱ ድካም በሆነ ነበር፤ ይህ ስምምነት ያለ አሳቢ ተገኘ ማለት ለልቤ ይከብደዋል። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ነገሩን በአዝጋሚ ለውጥና በተፈጥሮ ምርጫ እንደሚያብራሩት፣ ማስረጃ እንደሚያቀርቡም አልሸሽግም፤ በእስያ የምትኖረው ድንክ ንብ በእንጀራዋ አግድም አናት ላይ ሆና በቀጥታ ወደ አበባው እያመለከተች ትወዛወዛለች፤ ይህንም ለቀደመው፣ ለቀላሉ እርከን ምስክር ያደርጉታል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም እርከን መኖሩ እርከኑን ያበጀ የለም አያሰኘኝም፤ ይህ እምነቴ በቤተ ሙከራ የሚለካ እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ ከመምህራን ወዳጆቼ ጋር በዚህ ስንከራከር ቡናው ሦስተኛው ላይ ይደርሳል።

ለበዓሉ ወደ ጎንደር የምትመጡ ሁሉ፣ ከባሕረ ጥምቀቱ መልስ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳትሳለሙ አትመለሱ፤ በቅጥሩ ውስጥ ንብ ብታንዣብብባችሁም ነጠላችሁን አታወናጭፉባት። መልካም የጥምቀት በዓል!