የባሌ ተራሮች ጉዟችን፦ ዕቅዱን ከከፍታው ጀምረን ስናወጣው

ሰላም ለሁላችሁ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጉዞ ዕቅዳችን መልክ ስለያዘ የደረስንበትን ላካፍላችሁ። መውጫችን ታህሳስ ነው። ከአዲስ አበባ የምንነሳ ጓደኛሞች ነን፤ አብዛኞቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦና ወጨጫ እየወጣን እግራችንን ያፍታታን፣ ከዚያ ያለፈ የተራራ ልምድ የሌለን ሰዎች። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠቅመው እንደኛ ላለ ሰው ነው።

ዕቅዱን ስናወጣ አንድ ነገር በደንብ ገባኝ። የባሌን ጉዞ የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም የቦታዎቹ ቅደም ተከተል ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት የት ታድራላችሁ፣ የትኛው ቦታ በስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ፣ ከየት ወደየት ትወርዳላችሁ፣ እሱ ከተወሰነ ልብሱም ምግቡም በጀቱም ይከተላል።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የእንጦጦ አናት ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ዲንሾ ደግሞ 3,100 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ዲንሾ አደርን ማለት እንጦጦ አናት አካባቢ አደርን ማለት ነው፤ ሰውነታችን የሚያውቀው ነገር ነው። የሰነቴ አምባ ግን 4,000 ሜትር ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። በባህር ጠለል ላይ ከምናገኘው ኦክስጅን አዲስ አበባ ላይ ሦስት አራተኛ ገደማውን እናገኛለን፤ ሰነቴ ላይ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀረናል። "እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ አይነካንም" የሚለው ወሬ በኛም ቡድን ብዙ ተነግሯል። ደገኛ መሆን ይረዳል፣ እውነት ነው። ግን ከአዲስ አበባ እስከ ሰነቴ ያለው ልዩነት ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ደገኛም ላይ ይመጣል። ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው። "ትንሽ ልቀመጥና ይለቀኛል" ብሎ እዚያው ሜዳው ላይ ማምሸት የለም።

ከመካከላችን የአንዷ እህት ከዱባይ ትመጣለች። እሷ የምትነሳው ከባህር ጠለል ነው። ስለዚህ ቀደም ብላ ገብታ አዲስ አበባ ሰንብታ፣ እንጦጦን አብራን ወጥታ ከዚያ እንድትሄድ ተስማምተናል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄን ነገር አደራ። ከቦሌ ኤርፖርት በቀጥታ ወደ ሮቤ በረራ መያዝ ይቻላል፤ ለጊዜ ጥሩ ነው፣ ለሰውነት ግን ይከብዳል።

እንግዲህ ቅደም ተከተላችን እንዲህ ሆነ። የመጀመሪያው ሌሊት ዲንሾ። ሁለተኛውም ዲንሾ። ከዚያ በሮቤና በጎባ አልፈን ሰነቴን በጠዋት ወጥተን፣ ቀኑን እዚያው ውለን፣ ሳይመሽ በማዶው በኩል ወደ ሪራና ወደ ሐረና ደን ወርደን ማደር። ቀን ከፍ ብሎ መዋል፣ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ማለት ነው። ብዙ ሰው ዲንሾን በመኪና መስኮት እያየ አልፎ ጎባ ያድርና በማግስቱ ሰነቴ ደርሶ ይመለሳል። ያም ጉዞ ነው፤ ግን ዲንሾን መዝለል በጣም ያሳዝነኛል።

ዲንሾ የደጋ አጋዘን አገር ነው። የድሮዋ አስር ሳንቲም ላይ ያለውን ቀንዳም እንስሳ ታስታውሱታላችሁ? እሱ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የለም። የሳይንሱ ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ከአፍሪካ ትልልቅ ቀንዳም የዱር እንስሳት ውስጥ ወደ ሳይንስ መዝገብ በመጨረሻ የገባው እሱ ነው። በዋና መሥሪያ ቤቱ ግቢ ደን ውስጥ፣ ከጽዱና ከኮሶው ሥር፣ በእግር እየሄዱ ማየት ይቻላል። እዚያው አጠገብ የጋይሳይ ሜዳ አለ፤ ከአዳባ የሚመጣው አስፋልት በመሃሉ ያልፋል። ከርከሮና የምኒልክ ድኩላም ይታያሉ። ሰዓቱ ማለዳና ከ10 ሰዓት በኋላ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ እንስሳው ጥላ ፍለጋ ገብቶ ይጠፋል። ሁለት ሌሊት ዲንሾ የያዝነው ለዚህም ነው፦ አንድ ሙሉ ቀን በእግር እየዞርን ሰውነታችን ከፍታውን ይለምዳል፣ ዓይናችንም ይጠግባል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

ሰነቴ ላይ ደግሞ የምንፈልገው ቀይ ቀበሮን ነው። እሷም የኢትዮጵያ ብቻ ናት፤ በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 በታች ናቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ይኖራሉ። በመንጋ ትኖራለች፣ አደኗ ግን ብቻዋን ነው፣ በቀን ነው። ምግቧ አይጥና ፍልፈል ነው፤ በተለይ ባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል። እነሱ ፀሐይ ሲሞቅ ከጉድጓድ ብቅ ይላሉ፣ እሷም ያኔ ትመጣለች። ስለዚህ ሰነቴ ላይ ጎህ ሲቀድ ተገኝቶ በብርድ መንቀጥቀጥ ግዴታ አይደለም። ውርጩ ሲቀልጥ፣ ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሜዳው ላይ ብትሆኑ ጥሩ ነው። አብሮኝ የሚሠራ የሮቤ ልጅ የመከረኝ ምክር ይሄ ነው፦ መኪናውን አቁማችሁ ዝም በሉ፣ ፍልፈሉን ተመልከቱ፣ ፍልፈሉ ባለበት ቀበሮዋ አትጠፋም። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር (ባይኖኩላር) ለቡድኑ አንድ እንኳ ብትይዙ ለውጡ ትልቅ ነው።

እዚህ ላይ ከልቤ የምለምናችሁ ነገር አለ። መኪናችሁን ቀስ አድርጋችሁ ንዱ፤ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ በአምባው መሃል ስለሚያልፍ ቀበሮ በመኪና ይገጫል። ምግብ አትወርውሩላት። ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። የዚህችን እንስሳ ዘር ሊያጠፋ የሚችለው ትልቁ ነገር ከውሻ የሚመጣ በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ እዚያው ፓርኩ ውስጥ ባለው የወይብ ሸለቆ የነበሩትን አብዛኞቹን ቀበሮዎች ፈጅቷል። የአካባቢውን ውሾች እየዞሩ የሚከትቡ ሰዎች አሉ፤ ሥራቸው ክቡር ነው። ቀበሮዋ የምትወልደው ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ባለው ጊዜ ስለሆነ እኛ በምንሄድበት ወቅት ግልገሎች ይኖራሉ። ጉድጓድ ካያችሁ ራቅ በሉ፤ ለፎቶ ብሎ መጠጋት እናቲቱን ቦታ ያስለቅቃታል።

ወቅቱን የመረጥነው በዝናቡ ነው። ባሌ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ደረቁ ጊዜ ከህዳር እስከ የካቲት ነው። ነገር ግን ደረቅ ማለት ሞቃት ማለት አይደለም። ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ልብስ በድርብርብ ነው፦ ከሥር ቀጭን፣ መሃል ሹራብ፣ ከላይ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት፤ ጓንት፣ ኮፍያ፣ የፀሐይ ክሬም፣ የከንፈር ቅባት። ጋቢ ከስሊፒንግ ባግ ላይ ሲደረብ ያለውን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ስልክና ፓወር ባንክ ከናንተ ጋር ይተኙ፤ ብርድ ባትሪ ይበላል።

ምግቡ ላይ ብዙ ተከራክረናል፤ ምክንያቱም ጉዞው ጾመ ነቢያት ላይ ይውላል፣ ከኛ ውስጥ ግማሹ ይጾማል። ከፍታው እዚህም ይገባል። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ምስር ክክ እዚያ ላብስል ያለ ሰው ነዳጁን ይጨርሳል እንጂ ምስሩ አይበስልለትም። ሽሮ ይሻላል። ከሁሉም በላይ በሶ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ተምር፣ ለውዝ ለቀን ጉዞ። ውሃ በብዛት፤ ደረቁ አየር ሳይታወቅ ያደርቃል። ሮቤና ጎባ ትልልቅ ከተሞች ስለሆኑ የጎደለ እዚያ ይሞላል፤ ነዳጅም እዚያ ነው የሚሞላው፣ ከጎባ በኋላ ነዳጅ አለ ብላችሁ አትተማመኑ።

ስለ መንገዱ ባጭሩ። ከአዲስ አበባ ዲንሾ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በሻሸመኔ ወይም በአሰላ መሄድ ይቻላል፤ ሁለቱም ዶዶላ አካባቢ ይገናኛሉ። እኛ የመረጥነው በአሰላ ያለውን ነው፤ በበቆጂ ስለሚያልፍ። ደራርቱና ቀነኒሳ የሮጡበትን ዳገት ሳላይ ባልፍ ይቆጨኝ ነበር። ያም ሆነ ይህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት ይሻላል፤ ዲንሾ በብርሃን ገብቶ የፓርኩን መግቢያ ከፍሎ፣ አስጎብኚ ይዞ፣ ድንኳን መትከል የተለየ ነገር ነው። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ፤ ወደ ሰነቴ ስትሄዱ ትጠየቃላችሁ። አስጎብኚዎቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው። ጥቂት ኦሮምኛ የምትችሉ ካላችሁ ደስ ይላል፤ "አካም" (እንደምን) እና "ገለቶማ" (አመሰግናለሁ) እንኳ ፊት ያስፈታል።

ሶፍ ዑመርን ከዕቅዱ አውጥተነዋል። የወይብ ወንዝ በውስጡ የሚያልፍበት ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ዋሻ ነው፤ ማንም ማየት ይመኛል። ግን ከሮቤ ወደ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ቆላ ላይ ነው ያለው። እሱን ለመጨመር ከዲንሾ ወይም ከሐረና አንድ ቀን መቁረጥ ነበረብን። ሁለቱንም ነክቶ ከማለፍ አንዱን ጠግቦ ማየት ይበልጣል ብለን ለሌላ ጊዜ አቆየነው።

ሐረናን ግን ማንም አይቀንስብኝ። ከሰነቴ ጫፍ ላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ በአንድ ሰዓት ውስጥ አገሩ ይለወጣል፦ ከላይ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል የቆመበት ራቁት ሜዳ፣ ቀጥሎ እንደ ሽበት ያለ ነገር ከቅርንጫፉ የተንጠለጠለበት የአስታ ዛፍ ደን፣ ከዚያ ቀርቀሃ፣ ከዚያ ጨለም ያለ ትልቅ ደን። ሪራ ላይ ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎች አሉ፤ ማሩ የታወቀ ነው። ወደ ታች ሲወረድ ቡና ማንም ሳይተክለው በደኑ ውስጥ ይበቅላል። ዓለም ባሌን በዩኔስኮ ቅርስነት የመዘገበው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው፤ የሚገርመው ይሄ ሁሉ ዓይነት አገር በአንድ ፓርክ ውስጥ መገኘቱ ነው።

የመጨረሻውን ጠዋት ደግሞ ክፍት አድርገነዋል። ከሐረና ስንመለስ ሰነቴን እንደገና ስለምናቋርጥ ማንም ቀጠሮ እንዳይዝበት ተስማምተናል። ቀበሮዋን በመጀመሪያው ቀን ጭጋግ ከሸፈነብን ያን ቀን እንጠብቃታለን፤ ካየናት ደግሞ ጊዜውን ለቱሉ ዲምቱ እንሰጠዋለን፤ እስከ ጫፉ የመኪና መንገድ ስላለው ጉልበት ለደከመውም ይሆናል። ምሳ ጎባ ነው።